የተዛባ ምት፦ ስለ ልብ መለኪያና ስለ ቅጥር የጤና ምርመራ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ አንድ ድልድይ ወይም ስለ አንድ የኃይል ማመንጫ አሠራር ለመጻፍ አስቤ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ ከጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠ አንድ ፋይል ነው። እኔ በምመራው ክፍል በከፍተኛ ቮልቴጅ መሥመር ጥገና ሠራተኛነት ለመቀጠር የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና ያለፈ አንድ ወጣት አለ። የጤና ምርመራ ቅጹ ከሐኪም ቤት ሲመለስ «የልብ ምቱ የተዛባ ነው» የሚል ቃል ተጽፎበታል፤ ከግርጌው ካሉት «ብቁ ነው» እና «ብቁ አይደለም» ከሚሉት ሁለት ሣጥኖች ግን በአንዱም ላይ ምልክት አልተደረገም። ሐኪሙ ውሳኔውን ለአስተዳደር ክፍሉ ትቶታል፤ አስተዳደር ክፍሉም «የቅርብ ኃላፊው አስተያየት ይስጥበት» ብሎ ወደ እኔ መርቶታል።

እኔ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነቱ ቅጽ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። ከዩኒቨርሲቲ በተመረቅሁ በዓመቱ፣ ስሙን ማንሣት በማያስፈልገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ለመቀጠር ተወዳድሬ አንደኛ ወጥቼ ነበር። ለጤና ምርመራ በሄድሁበት ቀን ነርሷ የእጄን አንጓ ይዛ ሰዓቷን እየተመለከተች ጥቂት ቆየች። ለቀቀችኝ፤ እንደገና ያዘችኝ። «ወንድሜ፣ ቡና ጠጥተሃል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጠጥቼ ነበር፤ ሌሊቱንም በሐሳብ ስገላበጥ አላደርሁትም ለማለት አይቻልም። ከዚያ ወዲያማ ልቤ ድው ድው ይል ጀመር፤ የፈራሁት ልቤን ይሁን ነርሷን ዛሬም ለይቼ አላውቀውም። በቅጹ ላይ «ከሦስት ወር በኋላ ይታይ» ተባለ። ከሦስት ወር በኋላ ስመለስ ቦታው በሌላ ሰው ተይዞ ነበር። ኋላ በሌላ ሐኪም ቤት አንድ የልብ ሐኪም ለሃያ አራት ሰዓት መሣሪያ አስሮ ከመረመረኝ በኋላ ነገሩ ከብዙ ጤነኛ ሰው የማይለይ መሆኑን ነግሮ አሰናበተኝ። ቅሬታዬን ለማሰማት አይደለም ይህን የምጽፈው፤ የተሻለ ሥራ አግኝቻለሁ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ የጀመረኝ ጥያቄ ሳይለቀኝ ቆይቷል። የሰውን ልብ ለአንድ ደቂቃ ዳስሶ ለዕድሜ ልክ ሥራ የሚወስን ይህ ልማድ ከየት መጣ? መሣሪያውን የሠራን እኛ ስንሆን ትርጉሙን የሰጠውስ ማነው?

(ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው በርንሊ በተባለች የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነው። ጄምስ ማኬንዚ የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1879 ወደዚያች ከተማ ገብቶ ተራ የቤተሰብ ሐኪም ሆኖ ሥራ ጀመረ። ታካሚዎቹ በአብዛኛው የፋብሪካ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። የልብ በሽታ የነበረባት አንዲት ነፍሰ ጡር በምጥ ላይ ሳለች በእጁ ሞተችበት። ማኬንዚን ያሳዘነው ሞቷ ብቻ አልነበረም፤ አደጋውን አስቀድሞ ለማወቅ የሚያስችል አንዳች ዕውቀት እንዳልነበረው መረዳቱ ጭምር ነው። በዘመኑ መጻሕፍት ስለ ልብ ብዙ ተጽፎ ነበር፤ ይሁን እንጂ የትኛው ምልክት ለሞት እንደሚያደርስና የትኛው እንደማያደርስ ለይቶ የሚናገር አላገኘም።

ስለዚህ ራሱ ይመዘግብ ጀመር። መጀመሪያ ሌሎች በሠሩት የትርታ መመዝገቢያ ተጠቀመ፤ ቀጥሎም በአካባቢው በነበረ አንድ የሰዓት ሠሪ እርዳታ የራሱን መሣሪያ አበጀ። ፖሊግራፍ የተባለው ይህ መሣሪያ በእጅ አንጓ ያለውን የደም ሥር ትርታና በአንገት ያለውን የደም መላሽ ሥር እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን በወረቀት ላይ ይሥላል። ፍሬ ነገሩ ጎን ለጎን መሆኑ ነው። የእጁ ትርታ የልብን የታችኛውን ክፍሎች ሥራ ሲያሳይ የአንገቱ ደግሞ የላይኛውን ክፍሎች ሥራ ይናገራል፤ ሁለቱን መሥመሮች በማስተያየት የልብ ክፍሎች ተራቸውን ጠብቀው መሥራታቸውንና አለመሥራታቸውን ማወቅ ይቻላል። ዛሬ ሁለት ሞገዶችን በአንድ ኦሲሎስኮፕ ላይ አስቀምጠን የፌዝ ልዩነታቸውን እንደምናነብ ያለ ነው፤ ልዩነቱ ማኬንዚ ኤሌክትሪክ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

ከዚህ ሥራ ያገኘው ውጤት በ1902 ባሳተመው የትርታ ጥናት መጽሐፉ ተገለጠ። የተዛባ ትርታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው በወጣቶች ላይ የሚታይ ሲሆን ትርታው ከትንፋሽ ጋር ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ሁለተኛው ከተራው ቀድሞ የሚመጣ ትርፍ ምት ነው፤ ከኋላው ረዘም ያለ ዕረፍት ስለሚከተለው ባለቤቱ ልቡ አንድ ጊዜ ዘልሎ ቀጥ ያለ ይመስለዋል። ሦስተኛው አንዳች ሥርዓት የማይገኝበት፣ ምቱ እንደ ፈለገው የሚመጣና የሚሄድ ነው። ማኬንዚ ሦስተኛውን ዓይነት በአብዛኛው ያገኘው የልብ ቫልቫቸው በተጎዳ ሕሙማን ላይ ሲሆን፣ የላይኛው የልብ ክፍሎች ከአንገቱ ሥዕል ላይ ድምጥማጣቸው መጥፋቱን አስተዋለ። መጀመሪያ ክፍሎቹ ሽባ የሆኑ መስሎት ነበር፤ በዚህ ላይ ተሳስቷል። ስለ ቀሩት ሁለቱ ግን አልተሳሳተም።

አልተሳሳተም ለማለት የሚያስደፍረው መሣሪያው አይደለም። መሣሪያውን ማንም ሊሠራው ይችል ነበር። ማኬንዚ ከሌሎች የተለየው እነዚያኑ ሰዎች ከሃያ ዓመት በላይ በመከታተሉ ነው። በአንድ የፋብሪካ ከተማ ውስጥ የሚኖር የቤተሰብ ሐኪም ሕመምተኛው ድኖ ሲሄድ አይጠፋበትም፤ ያው ሰው ልጁን ይዞ ተመልሶ ይመጣል፤ በመንገድም ያገኘዋል። እንዲህ ሆኖ ማኬንዚ ትርፍ ምት የነበረባቸው ጎልማሶች ዓመት ከዓመት ሥራቸውን ሲሠሩ፣ ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ፣ ሲያረጁ ተመለከተ። በጊዜው ግን እንዲህ ያሉት ሰዎች ትርታቸው ተዛብቷል እየተባለ የሕይወት መድን ይከለከሉ፣ ከሥራና ከውትድርናም ይመለሱ ነበር፤ ከዚያም የባሰው አልጋ ላይ እንዲውሉ ይታዘዙ ነበር። ማኬንዚ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ አጥብቆ የታገለው ይህን ነው። ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ነህ ብሎ መፍረድ ራሱ ጉዳት ማድረስ ነው ባይ ነበር። (በ1925 ሲሞት በገዛ ልቡ በሽታ ነው፤ ልቡም ከሞተ በኋላ እንዲመረመር ራሱ ጠይቆ ነበር።)

እርሱ በበርንሊ ሲመዘግብ በኔዘርላንድስ አገር በላይደን ከተማ ቪለም አይንትሆቨን የተባለው የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር የልብን ኤሌክትሪክ ለመለካት ይጥር ነበር። ልብ በተመታ ቁጥር በቆዳ ላይ የሚገኘው የቮልቴጅ ለውጥ አንድ ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። በለንደን ኦገስተስ ዎለር በ1887 ይህን ምልክት ከሰው አካል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መዝግቦት ነበር፤ ዳሩ ግን የተጠቀመበት የሜርኩሪ መለኪያ እጅግ ዘገምተኛ ስለ ነበረ የተገኘው ሥዕል ደብዛዛ ነበር። አይንትሆቨን መፍትሔውን በ1901 ገለጠ። በጠንካራ ኤሌክትሮማግኔት ሁለት ዋልታዎች መካከል ብር የተቀባ እጅግ ቀጭን የኳርትዝ ክር ወጠረ። ከልብ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በክሩ ሲያልፍ ክሩ ወደ ጎን ይሳባል፤ የክሩ ጥላ በአጉሊ መነጽር ጎልቶ በሚንቀሳቀስ የፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ያርፋል። እንዲህ ያለውን ክር ለማግኘት የቀለጠ ኳርትዝ በፍላጻ ጫፍ ላይ ተያይዞ ፍላጻው በቀስት እንዲወነጨፍ የሚደረግበት ዘዴ ነበረ፤ ፍላጻው ሲበርር ኳርትዙ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል። ከጥንቱ የጦር መሣሪያ የተገኘ የመለኪያ ክፍል ቢኖር ይህ ይመስለኛል።

መሣሪያው 270 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ማግኔቱ ስለሚግል በውኃ መቀዝቀዝ ነበረበት፤ ለማንቀሳቀስም አምስት ሰው ይፈልግ ነበር። የሚመረመረው ሰው እጆቹንና እግሩን የጨው ውኃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ሕሙማኑን ከሆስፒታል ወደ ቤተ ሙከራው ማመላለሱ አስቸጋሪ ሲሆንበት አይንትሆቨን በ1905 አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆን የቴሌፎን ሽቦ አዘርግቶ የልባቸውን ምት ካሉበት ሆነው እንዲልኩለት አደረገ። በሥዕሉ ላይ ለሚታዩት ማዕበሎች የሰጣቸው ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ የተባሉት ስሞች እስከ ዛሬ ያሉት ናቸው። በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በመሣሪያው እርዳታ በለንደን ቶማስ ሉዊስ፣ በቪየና ደግሞ ሮትበርገርና ቪንተርበርግ በ1909 የማኬንዚን ሦስተኛ ዓይነት ምሥጢር ፈቱት። የላይኛው የልብ ክፍሎች ሽባ ሆነው አልነበረም፤ በአንድነት መኮማተሩን ትተው ያለ ሥርዓት ይርበተበቱ ነበር። ዛሬ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ለሙያችን የሚሆን አንድ ነገር አለ። የአይንትሆቨን መሣሪያ የማኬንዚን ፖሊግራፍ ከገበያ አስወጣው፤ ማስወጣቱም የተገባ ነበር። አብሮት ግን የወጣ ሌላ ነገር ነበር፤ እርሱም ጊዜ ነው። አዲሱ መሣሪያ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ከበርንሊው መሣሪያ የበለጠ ዝርዝር ይሰጥ ስለ ነበረ፣ ሰዎች ትርጉሙንም በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ የሚሰጥ መሰላቸው። መለኪያ በጠራ ቁጥር ፍርድም የጠራ የሚመስለን እኛ መሐንዲሶችም ነን።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስሕተቱን በግልጥ አሳየ። በአያሌ ሺህ የሚቆጠሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ልባቸው ታሟል እየተባለ ከጦር ሜዳ ተመለሱ። መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች መጀመሪያ በሐምስቴድ፣ ኋላም በኮልቸስተር ልዩ ሆስፒታል አቋቋመ፤ ማኬንዚ ከአማካሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ሉዊስም በዚያ ይመራመር ነበር። ሉዊስ የወሰደው እርምጃ ለእኔ ልብን የሚያስደስት ነው። ሰዎቹን አስተኝቶ ልባቸውን በማዳመጥ ብቻ ከመፍረድ ይልቅ በደረጃ የተመደበ የሰውነት ማጎልመሻ ሥራ ሰጣቸው። ቀላሉን የቻለ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ያልቻለ እዚያው ይቀራል። በጆሮ ሲደመጥ አጠራጣሪ የነበረው ሰው ከባዱን ሥራ ሲወጣው፣ ልቡ ንጹሕ ነው የተባለው ደግሞ ከቀላሉ ላይ ሲወድቅ ታየ። በ1918 የታተመው መጽሐፉ የዚህ ሥራ ውጤት ነው። አንድን ምሰሶ ቆሞ በማየት ብቻ ሳይሆን ጭነት ጭኖ መሞከር ማለት ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ታውቆ ካለቀ ከአርባ ዓመት በኋላ የሆነውን ነገር ለማስረዳት ወደ አሜሪካ መሻገር ያስፈልጋል። በታሪክ እጅግ ጥብቅ ከነበሩት የቅጥር የጤና ምርመራዎች አንዱ የተደረገው በ1959 ለመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን ጠፈርተኞች ነው። ከ508 የጦር አውሮፕላን የሙከራ አብራሪዎች ማኅደር 110 ያህሉ መመዘኛውን አሟሉ፤ ከእነዚህም 32ቱ በኒው ሜክሲኮ በሚገኘው የላቭሌስ ክሊኒክ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ተመረመሩ። በመጨረሻ 7ቱ ተመረጡ። ከሰባቱ አንዱ ዶናልድ ስሌይተን ሲሆን ባልደረቦቹ ዲክ ይሉት ነበር። በ1924 በዊስኮንሲን ገጠር የተወለደ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓ 56 ጊዜ፣ በጃፓን ላይ 7 ጊዜ ለውጊያ የበረረ፣ ከጦርነቱም በኋላ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፕላን ምሕንድስና የተመረቀ ሰው ነው። የሙያ ባልደረባችን ነበር ማለት ነው።

ስሌይተን ያንን ሁሉ ምርመራ ያለ አንዳች ነቀፋ አለፈ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ግዛት በጆንስቪል በሚገኘው ትልቅ ሴንትሪፊዩጅ ላይ ሊለማመድ ሲዘጋጅ የበረራ ሐኪሙ ዊልያም ዳግላስ የልቡ ሥዕል የተዛባ መሆኑን አየ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነበር። ራሱ ስሌይተን ምንም አልተሰማውም። ነገሩ አልፎ አልፎ የሚመጣና የሚሄድ ነበር፤ ሮጥ ሮጥ ሲል ልቡ ወደ ሥርዓቱ ይመለስ ነበር። የቫልቭ ጉዳት አልተገኘበትም፤ ምክንያቱም አልታወቀም። የመረመሩት ሐኪሞች በአብዛኛው ለበረራ የሚያግደው አይደለም ብለው ስላመኑ ሥልጠናውን ቀጠለ። የተለየ አስተያየት የሰጠም ነበር።

ስሌይተን የምድርን ዙሪያ በመዞር ሁለተኛው አሜሪካዊ እንዲሆን ተመደበ። ጆን ግሌን በፌብሩዋሪ 1962 ከበረረ በኋላ ተራው የእርሱ ነበር። ሁለት ወር ያህል ሲቀረው የሕክምና ማኅደሩ እንደገና ተከፈተ። የአየር ኃይል ሐኪሞች ጉባኤ ብቁ ነው አለ። ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም፤ ለሦስት የታወቁ የልብ ሐኪሞች ተመራ። ሦስቱም መርምረው የሰጡት ቃል በታሪክ መዝገብ የሚገኝ ሲሆን ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ሕመሙ በበረራው ላይ ጉዳት ያመጣል ወይም አያመጣም ብለን በእርግጠኝነት ልንናገር አንችልም፤ ሆኖም ልቡ የማይርበተበት ሌላ ጠፈርተኛ ካለ በእርሱ ፈንታ ያኛው ቢበርር ይሻላል። በማርች 1962 አጋማሽ ስሌይተን ከበረራው መሰረዙ ተነገረ። በእርሱ ፈንታ ስኮት ካርፔንተር በሜይ 24 ቀን በረረ።

ይህን ቃል ብዙ ጊዜ መላልሼ አስቤበታለሁ። ሐኪሞቹን ልወቅስ አልፈልግም። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በእርግጥ እንደ ትርፍ ምት የሚናቅ ነገር አይደለም፤ በሚርበተበተው ክፍል ውስጥ ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሊሄድ እንደሚችል ዛሬ በሚገባ ይታወቃል። በህዋ ላይ ክብደት ባለመኖሩ ልብ ምን እንደሚሆንም ያኔ የሚያውቅ አልነበረም ለማለት ይቻላል። አላወቅንም ማለታቸው እውነተኛነት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የተሰጠው ፍርድ ስለ ስሌይተን አይደለም። ስለ ሌሎቹ ነው። ሌላ ሰው ባይኖር ኖሮ ያው ልብ ይበርር ነበር። በቅጥር ምርመራ ላይ «ብቁ አይደለም» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ «ሌላ አመልካች አለ» ማለት ብቻ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም። የእኔም የሦስት ወር ቀጠሮ ትርጉሙ ያው ነበር፤ ያኔ ግን ስለ ልቤ የተነገረ መስሎኝ ስንት ሌሊት ትርታዬን ስቆጥር አድሬአለሁ።

ስሌይተን ሥራውን አልለቀቀም። የጠፈርተኞች ሁሉ ኃላፊ ሆነና በጄሚኒና በአፖሎ ማን ከማን ጋር እንደሚበርር የሚመድበው እርሱ ሆነ። በ1969 ጨረቃ ላይ የወረዱትን ሰዎች የመደበው ይህ ሰው፣ ራሱ ግን ያለ አጃቢ የጦር አውሮፕላን እንኳ ብቻውን እንዳይነዳ ታግዶ ነበር። በየዕለቱ ስፖርት ይሠራ፣ ሲጋራና ቡና ይተው፣ ቪታሚን ይወስድ ነበር ይባላል። ከእነዚህ የትኛው እንደረዳው ማንም አያውቅም፤ ምናልባትም አንዱም አልረዳው ይሆናል። በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ ግን መርበተበቱ ተወው። በሚኒሶታ በሚገኘው የማዮ ክሊኒክ ከተመረመረ በኋላ በማርች 1972፣ ከታገደ ልክ በአሥር ዓመቱ፣ የበረራ ፈቃዱ ተመለሰለት። በጁላይ 1975 አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በአንድነት ባደረጉት የአፖሎና የሶዩዝ በረራ ከስታፎርድና ከብራንድ ጋር በረረ። 51 ዓመቱ ነበር፤ እስከዚያን ጊዜ ድረስ እርሱን በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ወደ ጠፈር አልወጣም። ልቡ ምንም አልሆነም። መንኮራኩሯ ስትመለስ መርዘኛ ጋዝ ወደ ውስጥ ገብቶ ሦስቱም ሆስፒታል ገቡ፤ በዚያ ምርመራም ስሌይተን ሳንባው ላይ አንድ ነጠብጣብ ተገኘበት። በቀዶ ጥገና ሲታይ ጉዳት የሌለው እብጠት ነበር። ከበረራው በፊት ታይቶ ቢሆን ኖሮ እንደገና ከምድር እንደማይነሣ አያጠራጥርም።

ስሌይተን በታገደባቸው ዓመታት ከመደባቸው አንዱ ጄምስ አርዊን ነበር። አርዊን ምርመራውን ሁሉ ያለፈ ሲሆን በጁላይ 1971 በአፖሎ 15 ጨረቃ ላይ ወርዶ ሠርቷል። በዚያ ጉዞ ላይ የልቡ ሥዕል በምድር ባሉት ሐኪሞች ፊት ተዛባ፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ትርፍ ምት ይከተል ጀመር። ሐኪሞቹ አዩ፤ ለጠፈርተኞቹ ግን ወዲያው አልነገሯቸውም። ምክንያቱ የፖታስየም ማነስና ድካም ነው ተብሎ ለሚቀጥለው በረራ ጠፈርተኞች መጠጥ ላይ ፖታስየም ተጨመረበት፤ የአፖሎ 16 አዛዥ በብርቱካን ጭማቂው ብዛት ሲያማርር የተሰማው በዚህ ምክንያት ነው። አርዊን በ1973 በልብ ድካም ተመታ፤ በ1991 በ61 ዓመቱ በዚያው በሽታ አረፈ። ስሌይተን በ1993 በ69 ዓመቱ ሲሞት የገደለው የአንጎል ዕጢ ነው። ከሁለት ሰዎች ሕይወት ሕግ አይወጣም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ለብቁነቱ የተመሰከረለት ልብና ያልተመሰከረለት ልብ የየራሳቸውን መንገድ መሄዳቸውን ግን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም።

የመለኪያው ታሪክ በዚህ መካከል ወደ ፊት ተራምዷል። በሞንታና ጠቅላይ ግዛት በሄለና ከተማ የሚኖር ኖርማን ሆልተር የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በ1940ዎቹ መጨረሻ የልብን ምት በሬዲዮ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሠርቶ እንደ ስልቻ በጀርባው ተሸከመው። 38 ኪሎ ይመዝን ነበር። በ1961 አሠራሩን በሳይንስ መጽሔት ሲያወጣ በኪስ ወደሚያዝ መጠን ተቃርቦ ነበር። ሆልተር የገባው ነገር ለመሐንዲስ ቀላል ሒሳብ ነው። የተለመደው የልብ ሥዕል የሚወስደው አሥር ሴኮንድ ያህል ነው። በአንድ ቀን ውስጥ 86,400 ሴኮንዶች አሉ። ልብ በቀን ከመቶ ሺህ ጊዜ ያላነሰ ሲመታ እኛ አሥራ ሁለቱን አይተን እንፈርዳለን። ማንኛችንም ከ8,640 ብሎኬት አንዱን ብቻ ሞክረን ግድግዳ አናስገነባም፤ አንዱ ብሎኬት በአጋጣሚ ቢሰነጠቅም ሁሉንም አናስጥልም። ጤነኛ ሰዎች ሙሉ ቀን ሲመዘገቡ አብዛኞቹ ጥቂት ትርፍ ምት ሳይገኝባቸው አይቀርም፤ ማኬንዚ በትዕግሥቱ ያወቀውን መሣሪያው በአንድ ቀን አረጋገጠለት። ዛሬ የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ባለ ሥልጣን ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ላለበት አብራሪ እንኳ ተገቢው ምርመራ ተደርጎ ልዩ ፈቃድ ሊሰጠው የሚችልበት አሠራር አለው።

እንግዲህ ወደ ፋይሉ ልመለስ። ለዚህ ወጣት ማዘን ቀላል ነው፤ እኔም ለራሴ ያላዘንሁትን አዝኜለት ነበር። ነገር ግን የሚሠራው በጠረጴዛ ላይ አይደለም። ከምሰሶ ላይ ሆኖ ራሱን የሚስት ሰው ራሱንም ከታች ያለውንም ይገድላል። ደግሞም በአገራችን የተዛባ ትርታ የሚያሳስብ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በልጅነት የታመመ ጉሮሮ ሳይታከም ሲቀር የሚያስከትለው የሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቭን ይጎዳል፤ ባለቤቱም ሳያውቀው ወጣትነቱን ሊያጋምስ ይችላል። በርንሊ ለዛሬዪቱ እንግሊዝ ታሪክ ሆናለች፤ ማኬንዚ ያያት እናት ግን በእኛ ገጠር ዛሬም አለች። ስለዚህ የመረመረው ሐኪም መጠራጠሩ ትክክል ነበር። ያላግባብ የሆነው ጥርጣሬውን እንደ መልስ አድርጎ መላኩ ነው።

ለሐኪሙ በአስተዳደሩ በኩል አራት ጥያቄ ጽፌ ላክሁ። መዛባቱ የትኛው ዓይነት ነው? ቫልቮቹ ደኅና ናቸውን? ወጣቱ ወይም ከቤተሰቡ ሰው በድንገት ራሱን ስቶ ወይም ሞቶ ያውቃልን? ሲደክም መዛባቱ ይብሳል ወይስ ይጠፋል? የአስተዳደር ክፍሉ ኃላፊ፣ በዕድሜም በሥራ ዘመንም የሚበልጡኝ ሰው፣ ወረቀቱን አንብበው «ልጄ፣ ሣጥኑ እኮ ሁለት ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሣጥኑን እኔ አልሠራሁትም» አልኋቸው። ስቀው ማኅተሙን መቱበት።

መልሱ የመጣው በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። ወጣቱ ወደ ልብ ሐኪም ተልኮ የአልትራሳውንድ ምርመራ ተደርጎለታል፤ ቫልቮቹ ደኅና ናቸው። ሙሉ ቀን ተመዝግቦ ትርፍ ምቶች ተገኝተውበታል። በሚሽከረከር መሮጫ ላይ ሲሮጥ መዛባቱ ጠፍቷል፤ ሲያርፍ ተመልሷል። ራሱን ስቶ አያውቅም፤ በቤተሰቡም የተሰማ የለም። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ለመጻፍ ቅጹ ስላልበቃው አንድ ገጽ አያይዞ፣ በዓመቱ እንደገና እንዲታይ አሳስቦ፣ ከሁለቱ ሣጥኖች በመጀመሪያው ላይ ምልክት አድርጎ ፈርሟል። ፋይሉን መርቼ መለስሁት። በማግሥቱ ተመልሶ መጣ፤ የተያያዘው ገጽ የቅጹ አካል ስላልሆነ ተነሥቶ ለብቻው እንዲቀመጥ የሚል ማስታወሻ ተለጥፎበት ነበር። እንዳይነሣ ጽፌ እንደገና ላክሁት።